የአሮጌው ቤት ጥሪ

ልጄ፣ ክፉ ያሰበብህ መንገዱ ይጥፋው፤ በወጣህበት በር ተመልሰህ ለመግባት ያብቃህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ያው አመሉ ነው። የጓሮው ቧንቧ ተሠርቷል፤ ድመቷም ሦስት ወልዳለች።

ሚስትህ ወደ አንተ የምትመጣበትን የቪዛ ጉዳይ ልንገርህ። ቤት ስንቀይር አዲሱን አድራሻ ያስመዘገብነው ማመልከቻዋን ባስገባህበት ቢሮ ነበር። ለካ ፋይሉ ቀደም ብሎ ወደ ሌላ ቢሮ ተላልፎ ኖሯል፤ የቃለ መጠይቁ ጥሪ ወደ አሮጌው ቤት ሄደ። ያ ቤት እኛ ከወጣን ወዲህ ሰው አልገባበትም፤ ጣሪያውም ተነቅሏል።

ይህንኑ ልናስረዳ ትናንት ፋይሉ ወዳለበት ቢሮ አብረን ሄድን። መስኮት ላይ ያለችው ጸሐፊ ፋይሉን ገልጣ ሚስትህን ደጋግማ አየቻት።

«እህቴ፣ ማክሰኞ ቀርበሽ ተጠይቀሻል እኮ። ቪዛሽንም ወስደሻል፤ እሑድ እበራለሁ ብለሽናል» አለቻት።

ማክሰኞ ሚስትህ ከእኔ ጋር የፍራሽ ጥጥ ስትነድፍ ነው የዋለችው። «ታዲያ ይህቺ ማን ናት?» ብላት ጸሐፊዋ ፋይሉን ወደ እኛ አዞረችው። ፎቶው የሚስትህ ነው፤ ፊርማውም የእሷው። መልሶቹን አነበበችልን፤ ልጅ ሳለህ ብቻችንን ስንሆን የምጠራህ ስም ሳይቀር አለበት። ያን ስም ለሚስትህ ነግሬያት አላውቅም።

ስንመለስ በአሮጌው ቤት በኩል አለፍን። ደጃፉ ተጠርጓል።

ሚስትህ ይኸው አጠገቤ ናት፤ ሰላም በይልኝ ብላለች። ዕድሜህ ይርዘም፣ የእናትህ ጸሎት ጥላ ይሁንህ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ እሑድ በራፍህ ላይ ቆማ በዚያ ስም የምትጠራህን ሴት፣ ድምጿ የሚስትህ ቢሆን እንኳ፣ አቤት እንዳትላት።