በፍልሰታ የጠበስኩት ድንች

ቢቸና፣ ጥቅምት 20 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለምወድዎ እናቴ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ብርዱ ጉልበትዎ ላይ አልጠናም? የሞጣ ጉም ገለጥ አለ ወይስ እንዳለ ነው? እኔና ባለቤቴ ሰማው እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልክ ስደውል ስለማያነሱልኝ፣ ወንድሜ ወንደሰን ያነብልዎታል ብዬ ጻፍኩ።

በፍልሰታ ሊጠይቁኝ ሲመጡ፣ ገና ከደጅ የዘይቱን ጩኸት ሰምተው፣ ድስቱ ውስጥ ቀጫጭን ቡናማ ነገር አይተው፣ አፍንጫዎን በነጠላ ይዘው በመጡበት መኪና ተመለሱ። «የቻይና ካምፕ ልጄን አበላሻት፤ በጾም ጥብስ ትጠብሳለች» ብለው ለጎረቤት መናገርዎንም ሰምቻለሁ። አሞኛል፣ አልዋሽዎትም።

እናቴ፣ ድንች ነበር። መንገዱ ሲሠራ ካምፕ ተቀጥሬ ሳለሁ የቻይኖቹ ወጥ ቤት ሽማግሌ ያስተማረኝ ነው። ድንቹን እንደ ክር አቅጥኖ መክተፍ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ማጠብ፣ ዘይቱ ሲግል ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ጣል አድርጎ ከቃሪያ ጋር ቶሎ ቶሎ ማገላበጥ። ቡናማ ያደረገው ሶያ ሶስ የሚሉት ጥቁር ነገር ነው፤ እሱም ከአኩሪ አተር ነው የሚሠራው። በነጭ ሩዝ ይበላል። ቅቤ የለው፣ ሥጋ የለው። ድስቱም የጾም ድስቴ ነው፤ ፍስክ ነክቶት አያውቅም። ይህንን ያኔውኑ ብናገር መኪናው ሳይነሳ እመልስዎ ነበር። እናቴ እንዴት ይህን ያስቡብኛል ብዬ ኩራት ያዘኝ። ይቅር ይበሉኝ።

ሰሞኑን ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል። ደጃፍ ቁጭ ብዬ ነፋሱ ጤፉን ሲያስተኛው ሲያነሳው እያየሁ ዓይኔ ይከደናል። ያን ጊዜ እርስዎ መደቡ ላይ ተቀምጠው ሩዙን ፍሬ በፍሬ ሲለቅሙ አያለሁ። የሩዙ እንፋሎት ፊትዎን ይሸፍነዋል፣ መልሶ ይገልጠዋል፤ ደስ እንዳለኝ እነቃለሁ። ቤቱ ባዶ ነው።

ጠዋት ጠዋት እንጀራ ሲሸተኝ ያቅለሸልሸኛል። ሆዴ ውስጥ የሚረጋልኝ ያ ሩዝ በዝንጅብል ብቻ ነው። ሰማው ተጨንቆ ሐኪም ቤት ወሰደኝ፤ ከዚያ ወዲህ ብቻውን ይስቃል። ደብዳቤውን የሚያነበው ወንደሰን ስለሆነ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የነቢያት ጾም ሲገባ ይምጡልኝ። ያንኑ ድንች እሠራልዎታለሁ፤ ከድስቱ ራስዎ ያውጡ። ባይጥምዎት አልቀየምም፤ ከእጄ ሳይበሉ መክረምዎ ግን አንገብግቦኛል።

ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ፤ ምርቃትዎ አይለየኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ደጁ ቆመው ለጊዮርጊስ የተሳሉትን ጃንጥላ ገና አይግዙት፤ እስከ ሰኔ ጊዜ አለን።

ልጅዎ