ምክንያት፦ መውደቅ

ጥቅምት 8

ዛሬ ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ስብራት በዛ። አምስት ክንድ። የላይኛው ክንድ አጥንት ብቻውን ኮምፒውተር ላይ የማስገባው ስንት የጉዳት ኮድ አለው... ትከሻው ጋ፣ መሃሉ ላይ፣ ክርኑ ጋ፤ ግራ፣ ቀኝ። ካርዱ ላይ ደግሞ «ምክንያት» የምትል መስመር አለች። እሷን ካርድ ሳወጣ በመስኮቱ ጠይቄ እሞላታለሁ። የሐኪሙን ጽሑፍ አልጠብቅም። ሰልፉ ይረዝማላ።

ከድሬ ጠያራ ዘቢባ የምትባል ልጅ እግር ሴት መጣች። ግራ ክንዷ በሻሽ ታስሯል። የባሏ ወንድም ቀደማት፦ «ከአህያ ወድቃ ነው ጋሼ፣ ቶሎ በሉን!» እሷ መሬት መሬት ታያለች። ጻፍኩ፦ መውደቅ።

ጥቅምት 17

ዘቢባ ተመልሳ መጣች። ክንዷ በጀሶ ነው። ባሏን ከሳለች፤ ፖሊስ የሕክምና ማስረጃ ጠይቋል። ኮምፒውተሩ ግን «መውደቅ» ይላል። ባልየው በዚህ ነጻ ሊወጣ ነው።

«አባባ፣ እኔን ጠይቀውኝ ነበር?»

«ሰውየው ነገረኝ...»

«የሱ ክንድ ነው እንዴ የተሰበረው? ወላሂ አልወደቅኩም!»

ሲስተር ሀናን ካርዱን ገለጠች። ሐኪሙ ጽፎታል፦ «ባሌ በዱላ መታኝ ትላለች።» ከኔ መስመር አራት ጣት ዝቅ ብሎ። ኮዱን ወደ ኮምፒውተር ሳስገባ እንኳ አላነበብኩትም።

«ጋሽ ጌታነህ፣ እርስዎ እንኳን?»

እኔ እንኳን... ምን ታውቃለች?

ጥቅምት 19

የድሮ ካርዶች ክፍል ገባሁ። የሚስቴን የሙሉነሽን ካርድ አወጣሁ። አሥራ አራት ዓመቱ። ቀኝ የላይኛው ክንድ። ምክንያት፦ መውደቅ። በገዛ እጄ ጽሑፍ።

ውሸት ነው? ወድቃለች እኮ፤ ደጃችን የድንጋዩ ደረጃ ላይ። ማን ገፋት? እሱን አልጻፍኩም። ሐኪሙ ፊት «አዳልጦኝ ነው» አለች፣ እኔን እያየች። ቃሏን እስክትሞት አልለወጠችም። እኔም ይቅር በይኝ አላልኳት። አሁን በየወሩ ሻማ አበራላታለሁ። ሻማ!

ጥቅምት 22

ካርድ ላይ ስህተት አይፋቅም። እየተነበበ በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ አጠገቡ ትክክለኛው፣ ቀን፣ ስም፣ ፊርማ። ሐኪሙም ይፈርማል። አለቃዬ ወንድወሰን «ፍርድ ቤት ይጠሩሃል እኮ፣ ጡረታህ ደርሶ ምን አስቸኮለህ?» አለኝ።

ሰረዝኩ። ፈረምኩ። ኮምፒውተሩ ላይም አረምኩት። ዘቢባ ማንበብ አትችልም። «የቱ ጋ ነው የኔ?» አለች። በጣቴ አሳየኋት።

የሙሉነሽን ማን ይፈርምልኛል?

ጥቅምት 27

መድኃኔዓለም። ከቅዳሴ ልጄ ነፃነት ቤት ሄድኩ። ነገርኳት። እናትሽን የገፋኋት እኔ ነኝ አልኳት።

ሳህን ማጠቧን አላቆመችም። «አውቃለሁ አባዬ። በሩ ጋ ቆሜ ነበር።»

አሥር ዓመቷ ነበር ያኔ... ስንቴ አብረን ማዕድ ቆረስን?

ምሳ ብላ አላለችኝም። ተነሣሁ። ደጅ ስደርስ ከኋላዬ «ደረጃው ያዳልጣል፣ ቀስ በል» አለች።

ይቅርታ ይሁን ሌላ፣ አላወቅኩም። ዞሬም ላያት አልደፈርኩም። ግድግዳውን ይዤ ወረድኩ።