የግነት ምሳሌ

ይድረስ ለእቴቴ ፋዮ፣ ነቀምቴ፤

ከልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከአራተኛ ፎቅ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እኛ ደህና ነን፤ እህትዎ እማዬም ከቤት ከገበያ ትላለች።

በዚህ ሳምንት ስለ ዘይቤ ስንማር ቲቸር ሺፋ፣ «ከቤታችሁ የሰማችሁትን ግነት ጽፋችሁ አምጡ» አለችን። እኔም እማዬ ደረጃ ስትወጣ የምትለውን ጻፍኩ፦ «ደረቴ ላይ ተራራ ተቀምጧል።» ሲነበብ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። አስር ከአስር ተሰጠኝ፤ ወረቀቱም ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። «ጎሽ የኔ ልጅ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ስትወጣ ምንም አትልም። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ፌስታሏን አስቀምጣ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ትናንት ምን እንደምታይ ስጠይቃት «ታክሲ» አለችኝ። ከዚያ መስኮት የሚታየው የሌላው ብሎክ ግድግዳ ብቻ ነው።

ዛሬ ወረቀቱን ከክፍሉ ግድግዳ ላይ አነሳሁት። ቲቸር ለምን ስትለኝ አጥፌ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት።

ለግንቦት ልደታ እመጣለሁ ብለውን ነበር፤ እባክዎ ቀደም ብለው ይምጡልን። ሰፈር ሲደርሱ ለእማዬ ሳይሆን ለእኔ ይደውሉ። ሻንጣዎን ለመቀበል እኔ እወርዳለሁ።

ቤተሰቡን ሁሉ በስም በስሙ ይሳሙልኝ።

ልጅዎ ቢፍቱ