ሰማያዊው ሳሪ፦ የፎቶ አንሺው የአቶ ማሲላማኒ አሩላፓን የሕይወት ታሪክ

አቶ ማሲላማኒ ከአባታቸው ከአቶ አሩላፓን ዴቫሳጋያምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፓኪያም በ1859 ዓ.ም. በደቡብ ሕንድ በኮይምባቶር ከተማ ተወለዱ። በሚስዮን ትምህርት ቤት ፊደል ከቆጠሩ በኋላ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ወደ ኩኑር ተራራ ወጥተው በአንድ እንግሊዛዊ ፎቶ አንሺ ዘንድ ተቀጠሩ፤ ሙያውንም ሥዕል የሚቀረጽበትን መስታወት ከማጠብ ጀምረው ተማሩ።

በ1882 ዓ.ም. የራሳቸውን ፎቶ ቤት ከፈቱ። ከዚያ ወዲህ በኩኑርና በኡቲ ኮረብቶች ላይ እሳቸው ያላነሱት ቪላ፣ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ ገደል የለም ማለት ይቻላል። ለሰው ሁሉ ትዕግሥተኛ ነበሩ፤ ለጉም ግን ትዕግሥት አልነበራቸውም። ካሜራቸውን ተክለው ጉሙን በታሚልኛ ሲሰድቡት፣ እንግሊዞቹ የቪላ ባለቤቶች ጸሎት የሚያደርሱ ይመስላቸው ነበር።

በ1884 ዓ.ም. ወይዘሮ ራሳማልን አገቡ። ሠርጉ ባለፈ በሳምንቱ የኮረብታውን ቤተ ክርስቲያን ሲያነሱ፣ የማማው ቁመት እንዲታወቅ ብለው ሙሽሪትን ከበሩ አጠገብ አቆሟቸው። ሙሽሪት የሠርጋቸውን ሰማያዊ ሳሪ ለብሰው ነበር። የዚያን ጊዜው የፎቶ መስታወት ግን ሰማያዊውን ሁሉ ነጭ አድርጎ ያወጣ ስለነበር፣ ሥዕሉ ሲታጠብ ወይዘሮ ራሳማል ነጭ ለብሰው ብቅ አሉ። ነጭ ደግሞ ባል የሞተባት ሴት ልብስ ነው።

«ምነው! እርስዎ በሕይወት እያሉ መበለት ያደርጉኛል?»

«ጥፋቱ የመስታወቱ ነው እንጂ የእኔ አይደለም። ሰማዩም እኮ ነጭ ሆኖ ነው የወጣው።»

«እንግዲያው ሰማዩን ያንሱ!» አሉ፤ ዳግመኛም ካሜራ ፊት አልቆሙም።

መስታወቱ እንዲሰበርም አዘዙ። አቶ ማሲላማኒ «ይሰበራል፣ ይሰበራል» እያሉ በመደርደሪያቸው ላይ አኖሩት፤ ወይዘሮ ራሳማልም እንዳላዩ ሆነው አቧራውን ይጠርጉለት ነበር። የአገሩን ቤት ሁሉ ያነሱ ሰው የሚስታቸው ፎቶ ያ ብቻ መሆኑ እጅግ ይቆጫቸው ነበር። በየገናው «አንዴ ብቻ» ብለው ሲለምኑ፣ «ቀለም የሚለይ መስታወት ሲመጣ» ይባሉ ነበር። መጣ። ያን ጊዜ ደግሞ «አሁንማ አረጀሁ» ተባሉ።

አቶ ማሲላማኒ በሳል ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ትናንት፣ ኅዳር 9 ቀን 1934 ዓ.ም. ንጋት ላይ በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆችና ዘጠኝ የልጅ ልጆች ትተዋል።

ትናንት ማታ ዘመዶች እንደ ደንቡ ነጭ ሳሪ ይዘው መጡ። ወይዘሮ ራሳማል ግን አልተቀበሉም። «ነጩንማ ከሃምሳ ዓመት በፊት ለብሼላቸዋለሁ፤ ዛሬ ሰማያዊውን ልልበስላቸው» አሉ። እኛ ልጆቻቸውም አለቀስን፤ ሳቅንም። ከዚያም ያንን መስታወት ከመደርደሪያው በእጃቸው አውርደው ለበኩር ልጃቸው ሰጡ፤ ሥዕሉም ሌሊቱን ታተመ። በእጃችሁ ባለው የቀብር ጸሎት ወረቀት ፊት ገጽ ላይ፣ ከማማው ሥር ነጭ ለብሰው የቆሙት ሙሽራ እሳቸው ናቸው። አሁን ከፊት ወንበር ላይ፣ በሰማያዊ ሳሪ ተቀምጠዋል።

እግዚአብሔር የአባታችንን ነፍስ ጉም በማይወርድበት ተራራ ያሳርፍልን።