ያለ እጅሽ ወደ ኋላ መገልበጥ

ውድ አስካለዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል ይባላል። ላንቺ እንዲህ ብዬ መጻፍ ስለከበደኝ የራሴን ላስቀድም፤ እኔ ደህና ነኝ። ከተለየሽን ስድስት ወር ከአሥራ አምስት ቀን ሆነ። መንፈቅሽን አውጥተናል። እናትሽ ቆመው እንግዳ አስተናገዱ። እኔ ሰው ባስቀመጠኝ ቦታ ተቀመጥኩ፣ ያቀረቡልኝን በላሁ። ጨው ይኑረው አይኑረው አላውቅም።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። ልብስሽን እህትሽ ወሰደችው። አልጋችንን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ፒያሳ ሱቅ እገባለሁ፣ ጨርቅ እለካለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። ባለሱቁ ሐዘን ላይ ሆነህ አንዴ እንኳ አልተሳሳትክም እያለ ይገረማል።

ወደዚያ ከሚመጣ ሰው ከመስማትሽ በፊት እኔው ልንገርሽ፤ ቀብርሽ ላይ አላለቀስኩም። እህትሽ ደረቷን ስትደቃ እኔ የአንዱን ዲያቆን ጫማ አያለሁ፤ ማሰሪያው ተፈትቶ ነበር፣ ይጠልፈው ይሆን እያልኩ። ሠራተኛ ሰፈር ደግሞ ዓይን አለው። ባልየው እንደ ግንድ ተገትሮ ዋለ ተባልኩ። ሐሰት አይደለም።

በጂምናስቲክ ክበብ ከምለማመደው ከኋልዮሽ መገልበጥ ጋር ስንት ዓመት እንደታገልን ታውቂያለሽ። የምዘለው እኔ ብሆንም የታገልነው ሁለታችን ነን። አብሮኝ ይለማመድ የነበረው ጓደኛዬ ድሬዳዋ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ወገቤን የሚደግፍ ሰው አጣሁ። አንቺ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላሽን ወገብሽ ላይ አስረሽ ጓሮ ወጣሽና መዳፍሽን ወገቤ ላይ አሳረፍሽ። ጎረቤቱ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሳቀ፤ ባሏን ገልባጭ ብሎም ስም አወጣልሽ። ሌላዋ በምላሷ የምትገለብጠውን እኔ በእጄ ገለበጥኩት፣ ምን አጠፋሁ ብለሽ ዝም አሰኘሻቸው።

ጥፋቴን ያገኘሽውም አንቺ ነሽ። የክበባችን አሠልጣኝ ጋሽ መኩሪያ ክንድህን አፍጥን ይለኝ ነበር፤ አንቺ ግን ጉልበቴን አየሽ። በርጩማ ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ወደ ኋላ መቀመጥ፣ ክብደቴ ወደ ተረከዜ ሲያልፍ ክንዴን በጆሮዬ አጠገብ ወርውሬ ወደ ኋላ ርቄ መዝለል ነበረብኝ። እኔ ግን መጨረሻ ላይ ጉልበቴን ወደ ፊት እገፋና ወደ ላይ እዘላለሁ። ስለዚህ እጄ መሬት ሲነካ ክርኔ ይታጠፋል፣ እግሬም እዚያው እጄ ሥር ይወድቃል። ከኋላህ ምንም ስለማይታይህ ትፈራለህ አልሽኝ። ልክ ነበርሽ። አራት ዓመት ሙሉ ሳትሰለቺ ደገፍሽኝ፣ እኔም አራት ዓመት ሙሉ ፈራሁ።

ለለቅሶሽ መቀመጫ ሲጠፋ ክበቡ በጭድ የተሞሉትን የመዝለያ ፍራሾች ሁሉ ላከልን። እስከ አርባሽ የመጣው ለቀስተኛ በነሱ ላይ ተቀመጠ። ከአርባሽ በኋላ ኩሊ ይዤ መለስኳቸው፤ ክበቡ አሁንም ከቸርችል ጎዳና ወረድ ብሎ ጣልያን ትቶት በሄደው መጋዘን ውስጥ ነው። ሰው አልነበረም። ፍራሾቹን ዘርግቼ ሳበቃ ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ፣ ጢሜ እንዳደገ፣ ለፍራሾቹ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ተቀመጥኩ፣ ዘለልኩ። እጄ ርቆ አረፈ፣ ክርኔ አልታጠፈም፣ ሁለቱ እግሮቼ አንድ ላይ ወረዱ። ሐዘንተኛ ሲገለባበጥ ቢያይ ሰፈሩ የሚለውን አንቺ ታውቂያለሽ። በሩን ዘጋሁና ደገምኩት። ያው ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄድ ጀመርኩ። ጋሽ መኩሪያ አይቶ ማመን አቃተው። ምን ዘዴ እንዳገኘህ ለወጣቶቹ ንገራቸው አለኝ። ምን ልበላቸው? አንገቴ ቢሰበርም ባይሰበርም ግድ የለኝም ልበል? አንቺ አራት ዓመት የለፋሽበትን ጥፋት ሞትሽ በአንድ ቀን አረመው። በዚህ ማፈር ይገባኝ ነበር፤ ቁጭ ብዬ እፍረቱን ጠበቅኩት፣ እሱም አልመጣም።

ባለፈው ቅዳሜ ተራዬ ደረሰና ቆምኩ። ክንዴን አነሣሁ። ልቀመጥ ስል ወገቤ ላይ፣ መዳፍሽ ያርፍበት የነበረው ቦታ፣ በረደኝ። ከኋላዬ ማንም የለም። ይህንን ስድስት ወር ሙሉ አውቀዋለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ተሰማኝ። ጉልበቴ ወደ ፊት ሄደ፣ ወደ ላይ ዘለልኩ፣ በመቀመጫዬ ወደቅኩ። ወጣቶቹ ሳቁ። ወዲያው ደግሞ ዝም አሉ፤ እያለቀስኩ ነበር። ድምፄን ሰምተሽው ቢሆን አንቺም ትደነግጪ ነበር። ጋሽ መኩሪያ ሁሉንም አስወጣና አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ። ይውጣልህ አለኝ።

ላታልልሽ አልፈልግም፣ አሁንም አብዛኛውን ቀን ምንም አይሰማኝም። ትናንት ግን ተመልሼ ሄድኩ። ጋሽ መኩሪያ እጁን ወገቤ ላይ አደረገ። የሱ እጅ ከባድ ነው፣ ይገፋል፤ ያንቺ አይገፋም ነበር። ዘለልኩ፣ ክርኔ ታጠፈ። ከሀ እንጀምራለን አለኝ፣ እኔም እሺ አልኩ። በዚህ ጊዜ እየፈራሁ ልማረው እፈልጋለሁ።

አንድ አዲስ ጥፋትም አግኝቶብኛል። ክንዴን ካነሣሁ በኋላ፣ ከመቀመጤ በፊት፣ ለአፍታ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። ምን ትጠብቃለህ፣ ኃይልህ ይባክናል እያለ ይቆጣኛል። የምጠብቀው አንቺን ነው። ጉልበቴን አርማለሁ፣ አስካለዬ፣ ክርኔንም አርማለሁ። ይህችን ግን እስከ ዕለተ ሞቴ አላርማትም።

ባልሽ ጌታሁን