በአፍደም ቆማ ስለዋለችው ሐና

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሞላ። ሙት ዓመትህን አጎቴ በወጉ ተዝካር አውጥቶልሃል። እኔም ቀኑን ሙሉ ድንኳኑ ውስጥ ሰሃን ሳነሳና ውሃ ሳድል ዋልኩ። ከኋላዬ «የእነሱ ሃይማኖት እንኳ ተዝካር አይወድም፤ ለታይታ ነው» ያሉ ሴቶች ነበሩ። ሰሃኔን ማንሳት ቀጠልኩ። አባቷ የሞተባት ልጅ ሰሃን ለማንሳት ምክንያት አያስፈልጋትም።

ቤታችን ጭር ብሏል። መንገዱ ሲሰፋ አጥራችን ወደ ውስጥ ተገፋና አንተ ከሰዓት በኋላ የምትቀመጥባት ጥላ ጠፋች። ባጃጆቹ አሁን በራችን ሥር ነው የሚያልፉት። ጎረቤታችን ሐዎ ሱቋን ለልጇ ትታ ቱሊ ጉሌድ ከተማ፣ እህቷ ዘንድ ገብታለች። ልትሄድ ስትል ልትሰናበተኝ መጥታ «አባትሽ ደግ ሰው፤ ወላሂ፣ ፀጉር መሥራት ብቻ አያውቅም» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ አለቀስን። እናቴ ስትሞት ስድስት ዓመቴ ነበር። አንተ ከመሥሪያ ቤትህ ንብረት ክፍል ወጥተህ በቀጥታ ሐዎ ዘንድ ትሄድና የልጇን ፀጉር ስትጎነጉን ቆመህ ታይ ነበር። ስትመለስ በእኔ ራስ ላይ ትሞክረዋለህ። አንዱ ጉንጉን ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ሆኖ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ልጆች ይስቁብኝ ነበር። ለአንተ ግን አንድም ቀን አልነገርኩህም።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ሐና ነው። ከአንተ በቀር የማዋየው ሰው ስላልነበረኝ፣ አንተ ከሄድክ ወዲህ ስሟን ጠርቼ አላውቅም ነበር።

ያን ጊዜ ድሬዳዋ ሄጄ የልጆች አገልግሎት ልሠለጥን ነው ስልህ የተናገርከኝን ታስታውሳለህ? አያቴ ወታደር ሆኖ መጥቶ ጅግጅጋ ሲቀር የተሳለማትን ደብር ትቼ ሌላ ቤተ ክርስቲያን መሄዴ ገና አልበረደልህም። «አንቺ መሄድሽ አንሶ፣ የሰው ልጅ ይዘሽ ልትሄጂ ነው?» አልከኝ። በነጋታው ጠዋት አልሸኘኸኝም። አውቶቡሱ የማርዳን ዳገት ሲወጣ ወደ ኋላ ዞሬ ከተማዋን እያየሁ በአንተ ላይ ተናደድኩ። ያን ንዴት ይዤ ነው ሥልጠናውን የጀመርኩት። ከሁሉ የበለጥኩ ሆኜ ተመልሼ ላሳይህ ፈለግሁ።

ትምህርቱን በሚገባ ተማርኩ። ታሪክ በሥዕል መንገር፣ ጥቅስ በዜማ ማስጠናት፣ የሚረብሽ ልጅ መያዝ። ከዚያ ለልምምድ ሦስት ወር አፍደም፣ ያቺ የባቡር ጣቢያ ከተማ ተመደብኩ። ቤተ ክርስቲያኗ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። ልጆቹ አሥራ አንድ ነበሩ፤ የመምህራን፣ የፖሊሶችና የባቡር ሠራተኞች ልጆች። ሐና የሐዲድ ጠጋኙ ልጅ ናት፤ ሰባት ዓመቷ። ብዙ ትጠይቅ ነበር። ኖኅ መርከቡ ውስጥ ውሃ ከየት ይጠጣ እንደነበር ጠይቃኝ ታውቃለች።

አንድ እሁድ አሠልጣኛችን የማስተማር ችሎታዬን ልትገመግም ከድሬዳዋ መጣች። ማስታወሻዋን ይዛ ከኋላ ተቀመጠች። እኔ ታሪኩን ስጀምር ሐና ሰሌኑ ላይ ጋደም አለች። አስነሳኋት። ተመልሳ ተኛች። ልጆቹ ሳቁ። አሠልጣኟ የሆነ ነገር ጻፈች፤ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። ሐናን እጇን ይዤ ግድግዳው ጋ አቆምኳትና «እስክንጨርስ እዚህ ትቆሚያለሽ» አልኳት።

እጇ ያቃጥል ነበር፣ አባዬ። ይዤዋለሁ እኮ። የአፍደም ሙቀት ነው ብዬ አለፍኩት።

አላለቀሰችም። ግንባሯን ቆርቆሮው ላይ አስደግፋ እስከ መጨረሻው ቆመች። አሠልጣኟ ስትሄድ «ሥርዓት የማስያዝ ችሎታዋ በጣም ጥሩ» ብላ ጻፈችልኝ። እኔም ማታ በልጆቹ መከታተያ ደብተር ላይ ከሐና ስም አጠገብ «እንቅልፋም» ብዬ ጻፍኩ።

ሐሙስ ዕለት ሞተች። ወባው ራሷ ላይ ወጥቶባት ነበር። ለቅሶ ስደርስ እናቷ ወይዘሮ ዘነበች አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «ስምሽን ከአፏ አትለይም ነበር፤ እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ። ምስጋናውን ተቀብዬ ተቀመጥኩ። ለአሠልጣኟ ስነግራት ደነገጠች፤ እሷም ክፉ ሰው አልነበረችም። «የገደላት ወባ ነው፤ አንቺ አይደለሽም። ለቤተሰቡ ብትነግሪ ኀዘናቸውን ማክፋት ነው፤ ሥራውንም ይጎዳል» ብላ መከረችኝ።

ሻንጣዬን ይዤ ወደ አንተ ተመለስኩ። ምን ሆንሽ ብለህ አልጠየቅከኝም። አራት ቀን ከመኝታዬ ሳልነሳ ሻይ እያመጣህ አጠገቤ ታስቀምጥ ነበር። በአምስተኛው ቀን ራሴ ነገርኩህ። ደስ ይልሃል፣ «ብዬሽ ነበር» ትለኛለህ ብዬ ጠብቄ ነበር። አንተ ግን «እናትየዋ ታውቃለች?» አልከኝ። አታውቅም አልኩህ። «እንግዲያው ያልተገባሽን ምስጋና ይዘሽ ነው የመጣሽው። ሄደሽ መመለስ አለብሽ። ብቻሽን አትሄጂም» አልክ።

በሐረር በኩል ድሬዳዋ ገባን፤ ከዚያ ያ አሮጌ ባቡር ገና ይሠራ ስለነበር በእሱ አፍደም ደረስን። አንተ በዚያ ሙቀት ኮትህን አላወለቅህም። እነ ሐና ቤት ስንገባ ባርኔጣህን ጉልበትህ ላይ አድርገህ «የዚች ልጅ አባት ነኝ። የምትነግራችሁ ነገር አላት» አልካቸው። ነገርኳቸው። የእጇን ትኩሳት ሳይቀር ሁሉንም ነገርኳቸው።

ወይዘሮ ዘነበች እንዲህ አለችኝ፦ «ምነው ባልነገርሽኝ። እስከ ዛሬ ዓይኔን ስጨፍን ስትስቅ ነበር የማያት። ከእንግዲህ ቆማ ነው የማያት።»

ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ባልየው በር ድረስ ሸኘን። አልረገመንም፤ ይቅር ብያችኋለሁም አላለንም። «ባቡሩ እንዳያመልጣችሁ» ብቻ አለ።

ስንመለስ ባቡሩ ኤረር እስኪደርስ ፊትህን ወደ መስኮቱ አዙረህ ነበር፤ ስታለቅስ ያየሁህ ያን ቀን ብቻ ነው። «ልክ የምንሠራ መስሎኝ ነበር» አልክ። «አሁን አላውቅም። ሸክምሽን አውርጂ ብዬ ሴትዮዋን አሸከምኳት።» እኔ ከእንግዲህ ልጅ ፊት አልቆምም፣ ሥልጠናውን ትቼዋለሁ አልኩህ። ያኔ ዞረህ አየኸኝና «መተው ላንቺ ዕረፍት ነው፤ ለሟቿ ምን ይፈይዳል? ጨርሺው። ግን ልጅ ሲተኛብሽ መጀመሪያ ግንባሩን ንኪ» አልከኝ።

ጨረስኩት። ጅግጅጋ ተመልሼ ማስተማር ስጀምር አንተ የቤተ ክርስቲያናችንን ደጃፍ ረግጠህ አታውቅም ነበር፤ እስከ መጨረሻውም አልረገጥክም። ግን በየእሁዱ ምሳ ላይ «ዛሬ ማን ቀረ?» ትለኝ ነበር። የቀረውን ልጅ ስም ስነግርህ ከዘራህን አንሥተህ ትወጣለህ። ቤቱን አፈላልገህ፣ ልጁን አይተህ፣ ስትመለስ «ጉንፋን ነው» ወይም «ሐኪም ቤት ይወሰድ ብያቸዋለሁ» ትለኛለህ። ሰዎች ጡረታ ወጥቶ ሥራ ፈታ ይሉህ ነበር። ለምን እንደምትሄድ የምናውቀው እኔና አንተ ብቻ ነበርን።

ግማሽ ጎንህ የከዳህ ዕለትም እንዲሁ ከአንድ ልጅ ቤት ስትመለስ ነው። ሐኪም ቤት አሥራ ሰባት ቀን ተኛህ፤ መናገር አልቻልክም። በግራ እጅህ ፀጉሬን ትነካ ነበር። ስትቀበር አጎቴ ከወንዶቹ ጋር ከፊት ቆመ፤ እኔን «አንቺ ከኋላ ሁኚ፤ ቄሶቹ ቅር ይላቸዋል» አለኝ። ቄሶቹ ያሉት ነገር አልነበረም። ጉድጓድህ ሲደፈን አላየሁም። ይህን እስከ ዛሬ አልተውኩለትም፤ እንዳልተውኩለት እወቅልኝ።

አባዬ፣ ይቅርታ አላገኘሁም። ወይዘሮ ዘነበችን ከዚያ በኋላ አላየኋትም፤ ባልየው ሥራ ለቆ ወዴት እንደሄዱ አላውቅም። ሰው ሁሉ ጊዜ ያሽረዋል ይላል። እኔ ግን ዛሬም የሚተኛ ልጅ አይቼ ግንባሩን ሳልነካ ማለፍ አልችልም።

ባለፈው ሳምንት አራት ወጣቶች ለልምምድ ወደ እኔ ተልከው መጡ። አንደኛዋ ጎበዝ ናት፤ የሚያንቀላፋ ልጅ ስታይ ፊቷ በቁጣ ይቀየራል። ትምህርቱን አቁሜ አስቀመጥኳቸውና የሐናን ታሪክ ከነስሟ ነገርኳቸው። የጻፍኩትን «እንቅልፋም» የሚለውን ቃል ሳይቀር ነገርኳቸው። ያቺ ጎበዟ ልጅ ደንግጣ «ታዲያ እንዴት ማስተማር ቻልሽ?» አለችኝ። ያኔ ስለ አንተ ነገርኳቸው። ስለ ባቡሩ፣ ስለ ኮትህ፣ ልክ መሥራታችንን እንዳላወቅህ።

እኔ ባለሁበት ቤተ ክርስቲያን ተዝካር የለም። አንተን የማስብበት ሌላ መንገድ አጥቼ ዓመቱን ሙሉ ተጨንቄ ነበር። አሁን ግን አግኝቻለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ ልጆች ሊያስተምር ወደ እኔ የሚላክ ሰው ሁሉ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ሁለት ስሞች ይሰማል። መጀመሪያ የሐናን፣ ቀጥሎ የአንተን።

ልጅህ