ያልለበስኩት ቡልኮ

ጫልቱዬ፣

ከተለየሽኝ ዓመት አለፈ። በጓሮ የተከልሽው አቮካዶ አፍርቷል፤ ልጃችን ነቀምቴ ሥራ ይዛለች። እኔም እንደ ድሮው ሬዲዮ ከፍቼ ከዜና አንባቢው ጋር እጨቃጨቃለሁ፤ «በቃ፣ እሱ እንደሆነ አይሰማህም» የሚለኝ ብቻ ጠፋ።

የምጽፍልሽ ስለ ትምህርት ቤትሽ ነው። ባለፈው ሳምንት ዳይሬክተሩ ቤት ድረስ መጣ። ጠባያቸው አስቸገረን ተብሎ ከየክፍሉ የተባረሩትን ልጆች ስላስተማርሽ ሊያመሰግኑሽ ነው አለኝ። እንግዶች ባሉበት በስምሽ ቡልኮ ሊያለብሱኝ አስበዋል። ጠረጠርኩ። በሕይወት ሳለሽ ረዳት ስጡኝ እያልሽ ስትለምኚ የት ነበሩ? «የጫልቱ ጦር መጣ» እያሉ በመምህራን ማረፊያ ሲስቁ የነበሩት እነሱው አይደሉም? በቀብርሽ ላይ እንኳ የሕይወት ታሪክሽን ያነበበው ሰው «ትዕግስተኛ ነበረች» ብሎ አለፈ። ልጆቹ የነከሱትን ክንድሽን ሳጥብልሽ እኔ ያየሁት ድካም ነበር።

«ለመሆኑ ረዳት ተገኘ?» አልኩት።

«ኦቦ፣ እሷማ ተቀጥራለች! ሰኞ መጥተው ይዩ» አለኝ።

ሄድኩ። አንቺን የተካችው ሌንሴ ስታስተምር አንዲት ሴት አጠገቧ ቆማለች። ደስ አለኝ፤ በመጠርጠሬም አፈርኩ። ከዚያ ተማሪሽ ቦና ተነስቶ ክፍሉን መዞር ጀመረ። ከኋላው ሲይዙት የሚደነግጠው ቦና። አንቺ ፊት ለፊቱ ወለል ላይ ቁጭ ብለሽ፣ እጅሽን ዘርግተሽ፣ እሱ ራሱ እስኪይዝሽ ትጠብቂው ነበር። ሴትየዋ ከኋላው መጥታ ትከሻውን ጨበጠችው። ወንበር ተወረወረ፤ ክፍሉ በጩኸት ተሞላ። በዚያ ክፍል አንድ ሳምንት የሠራ ሰው እንዲህ አያደርግም።

ሌንሴ ስትሸኘኝ በሩ ላይ ስለ ሴትየዋ ጠየቅኳት።

«ጋሼ፣ ከመዝገብ ቤት ናት። እርስዎ ይመጣሉ ተብሎ ለዛሬ ነው ያመጧት» አለችኝ። ብቻዋን ስላልቻለች ዝውውር መጠየቋንም ነገረችኝ።

ቀጥታ ወደ ዳይሬክተሩ ገብቼ ቡልኮውን አልለብስም አልኩት።

«ሰው ምን ይላል፣ ኦቦ?»

«የሰውን እንጃ። ጫልቱ ግን ረዳቷ የት አለች ነው የምትለው።»

በሚቀጥለው ወር እንቀጥራለን ብሎ ማለልኝ። አላመንኩትም። ስለዚህ ሌንሴን ዝውውሩን ለጊዜው እንድታቆየው ለመንኳት፤ እኔም ዩኒቨርሲቲ የማስተምረው ክፍለ ጊዜ በሌለኝ ጠዋት ሁሉ እዚያ ክፍል እቀመጣለሁ። ደግ ሆንክ እንዳትዪኝ። እውነተኛዋ ረዳት እስክትመጣ ዳይሬክተሩን እየተከታተልኩት ነው።

ትናንት ቦና ተነሳ። ጉልበቴ እየጮኸ ፊት ለፊቱ ወለል ላይ ተቀመጥኩ፤ እጄን ዘረጋሁ። አየኝ፤ እጄንም አየ። እንደኔው ተጠራጣሪ ነው። አልያዘኝም፤ ግን ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ቦና አልረሳሽም፣ ጫልቱዬ። ነገም እጄን እዘረጋለታለሁ።